በሁለት ድሮን የራዳር ምስል ማንሳት፦ ከቆጋ መስክ እስከ ዓባይ በረሃ

ጎጃምን በክረምት ከላይ ማየት ከባድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጮቄ ደመና ለብሶ ይከርማል። ቦረቦር የሚሰፋው፣ እርከን የሚፈርሰው፣ የዓባይ በረሃ ዳገት እየተናደ መንገድ የሚያስቸግረው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። በካሜራ የሚያነሳ ሳተላይት በእነዚህ ወራት የሚያመጣልን ብዙውን ጊዜ የደመና ፎቶ ነው። ራዳር ግን የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ስለሚያዳምጥ ደመናም ሌሊትም አያግደውም። ስለ መሬታችን የሚያስብ መሐንዲስ ሁሉ ራዳርን ቢማር የምመኘው ለዚህ ነው።

ይህ መመሪያ አስተላላፊው በአንድ ድሮን፣ ተቀባዩ በሌላ ድሮን ላይ ሆነው እየበረሩ የአንድን መስክ ምስል እንዴት እንደሚያወጡ ከወረቀት ሥራው እስከ መጨረሻው ፍተሻ ድረስ ያሳያል። ባለሙያዎች ይህን አሠራር ባይስታቲክ ይሉታል። የተጻፈው የኤሌክትሪካል ምህንድስና መሠረት ላላቸው፣ በፓይተን ፕሮግራም መጻፍ ለሚችሉና ለማይቸኩሉ ተማሪዎች ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ማለት የምፈልገው ነገር አለ። በዚህ ሥራ ምስልን የሚያበላሹት የድሮኖቹ አቀማመጥና ሰዓታቸው ናቸው። አንቴናው ርካሽ ቢሆን፣ ኃይሉ ቢያንስ፣ ኮምፒውተሩ ቢያዘግም መፍትሔ ይገኝለታል። አቀማመጡ የተሳሳተ ወይም ሰዓቱ ያልተገራ መረጃን ግን በኋላ በሶፍትዌር ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን በወረቀትና በኮምፒውተር ጨርሱ።

ለምን ይነጣጠላሉ?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1935 በእንግሊዝ ዳቬንትሪ አካባቢ የተደረገው ታዋቂ ሙከራ የቢቢሲን የሬዲዮ ማሰራጫ እንደ አስተላላፊ ተጠቅሞ፣ ሌላ ቦታ በቆመ መቀበያ የአንድን አውሮፕላን መምጣት ለይቷል። በምስል ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 የጀርመኑ የጠፈርና የአቪዬሽን ማዕከል ዲኤልአር እና የፈረንሳዩ የአቪዬሽንና የጠፈር ምርምር ተቋም ኦኔራ የራዳር አውሮፕላኖቻቸውን አንድ ላይ አብርረው አንዱ ሲልክ ሌላው እየተቀበለ ምስል አውጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ታንዴም ኤክስ የተባለው የጀርመን ተልእኮ ይህንኑ በሁለት ሳተላይቶች ሠርቷል።

ለእኛ የሚጠቅመን ምክንያት ግን ቀለል ያለ ነው። ተቀባዩ ምንም ስለማይልክ ቀላል ነው፤ ትንሽ ባትሪ ይበቃዋል። ስለዚህ ወደ ሸለቆ ዝቅ ብሎ ሊገባ ይችላል፤ ከባዱ አስተላላፊ ደግሞ ከፍ ብሎና ርቆ ይቆያል። ሁለተኛው ጥቅም የእይታው ማዕዘን ነው። አንድ ዳገት ከላኪው አቅጣጫ ሲታይ የማይመልሰውን ሞገድ ወደ ጎን ሊበትነው ይችላልና፣ ጎን ላይ ያለው ተቀባይ የተለመደው ራዳር ያላየውን ያያል።

ቦታ ምረጡ

የመጀመሪያ በረራችሁን ዓባይ በረሃ ላይ አታድርጉት። ልብ የሚማርከው እሱ ቢሆንም ለጀማሪ ሁሉም ችግር በአንድ ጊዜ የሚገጥመው እዚያ ነው። ከመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ መስክ ለመነሻ ይሻላል። መሬቱ ሰፊና ሜዳ ነው፤ የመስኖው መሬት ወደ 7,000 ሔክታር ይደርሳል። ቦዮቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ምስሉ ከተጣመመ ወዲያው ይታወቃል። የግድቡ ውኃ ሲረጋ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አንሸራትቶ ስለሚልከው በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ያ ጥቁረት የመሣሪያችሁን ጫጫታ፣ ማለትም መሣሪያው ራሱ የሚያመነጨውን ረባሽ ምልክት፣ ለመለካት ያገለግላችኋል። በዙሪያው ያሉት የቆርቆሮ ጣሪያዎችም ደማቅ ነጥብ ይሰጣሉ።

የመስኩን ከፍታ የሚያሳይ መረጃ ያስፈልጋችኋል። በነጻ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 በኢንዴቨር የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት የተሰበሰበው ነው፤ የአንዱ ነጥብ ርቀት ከሌላው 30 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ መረጃ ራሱ የተገኘው የእኛን ሥራ በሚመስል ዘዴ መሆኑ ደስ ይለኛል፤ ከመንኮራኩሩ የተላከውን ሞገድ በ60 ሜትር ምሰሶ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሁለተኛ አንቴናም ይቀበለው ነበር።

አቀማመጡን በኮምፒውተር ሳሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

በተለመደው ራዳር ርቀት ማለት ከራዳሩ እስከ ነገሩ ያለው ነው። በእኛ ሥራ የሚለካው ከአስተላላፊው እስከ ነገሩ፣ ከነገሩም እስከ ተቀባዩ ያለው ድምር ነው። ሁለት ችካል ተክላችሁ፣ ላላ ያለ ገመድ በሁለቱ ላይ አስራችሁ፣ ገመዱን በእንጨት ወጥራችሁ መሬት ላይ ብታዞሩት የሚወጣው ሞላላ መስመር እኩል ድምር ያላቸው ነጥቦች የሚገኙበት ነው። ችካሎቹ ድሮኖቹ ናቸው። በአንድ ሞላላ መስመር ላይ ያሉ ነጥቦች ሁሉ ለተቀባዩ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ፤ በዚህ መለኪያ ብቻ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

የሚለያቸው ሁለተኛው መለኪያ ዶፕለር ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለአስተላላፊውና ለተቀባዩ የሚቀርብበት ፍጥነት ተደምሮ ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል የድግግሞሹን ለውጥ ይሰጣል። እኩል ዶፕለር ያላቸው ነጥቦችም የራሳቸው መስመር አላቸው። ምስል የሚገኘው ሁለቱ ዓይነት መስመሮች በደንብ ሲቆራረጡ ነው፤ በ90 ዲግሪ ቢቆራረጡ ከሁሉ ይሻላል። ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ የምስሉ ሕዋስ (ሊለይ የሚችለው ትንሹ ቁራሽ መሬት) እየተሳበ እንደ ስንጥር ይቀጥናል፤ ጎን ለጎን ትይዩ ሲሆኑ ደግሞ ምስል የሚባል ነገር የለም።

የመለየት አቅሙን ለማስላት በእያንዳንዱ የመሬት ነጥብ ላይ ሁለት ቀስቶችን አስቡ፤ አንዱ ወደ አስተላላፊው፣ ሌላው ወደ ተቀባዩ የሚያመለክት፣ የሁለቱም ርዝመት 1 የሆነ። የሁለቱን አግድም ክፍል ደምሩ። የብርሃንን ፍጥነት ለባንድዊድዙ (የሚላከው ሞገድ ለሚሸፍነው የድግግሞሽ ስፋት)፣ የተገኘውን ደግሞ ለዚህ ድምር ርዝመት ስታካፍሉ የርቀት የመለየት አቅሙን ታገኛላችሁ።

በቁጥር እንየው። ባንድዊድዙ 50 ሜጋኸርዝ ይሁን፤ የብርሃን ፍጥነት ለዚህ ሲካፈል 6 ሜትር ነው። ሁለቱም ድሮኖች መስኩን ከአግድም 30 ዲግሪ ከፍ ብለው ያዩታል እንበል፤ የእያንዳንዱ ቀስት አግድም ክፍል 0.866 ይሆናል። ድሮኖቹ በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ ድምሩ 1.73 ስለሚሆን 3.5 ሜትር እንለያለን። በመካከላቸው 60 ዲግሪ ቢኖር ወደ 4 ሜትር፣ 90 ዲግሪ ቢኖር ወደ 4.9 ሜትር ይወርዳል። ፊት ለፊት ሲተያዩ፣ ማለትም 180 ዲግሪ ሲሆን፣ ሁለቱ ቀስቶች ይጠፋፋሉ። ድምሩ ዜሮ ነው።

ዓባይ በረሃ ላይ የሚጠብቀው ወጥመድም ይኸው ነው። ብዙ ሰው ቦታውን ሲያይ የሚመጣለት የመጀመሪያ ሐሳብ አንዱን ድሮን በደጀን በኩል፣ ሌላውን በጎሃ ጽዮን በኩል አድርጎ ወንዙን በመሐል ማስገባት ነው። ለዓይን ያማረ አቀማመጥ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ድሮኖች በሁለቱ ዳር ትይዩ እየበረሩ መሐሉን ቢያዩ፣ ልንመለከተው በፈለግነው ሸለቆ ወለል ላይ ቀስቶቹ ይጠፋፋሉ፤ የቱንም ያህል ባንድዊድዝ ብትጨምሩ ወለሉ አንድ ወፍራም ሰንበር ሆኖ ይወጣል። ሁለቱንም በአንድ ዳር አብርሯቸው፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይበል።

አሁን ፓይተን ክፈቱ። የመስኩን ከፍታ አስገቡ፤ የድሮኖቹን መስመርና ፍጥነት ስጡት። ለእያንዳንዱ ነጥብ የርቀት ድምሩን፣ ዶፕለሩን፣ የሁለቱ ለውጥ ወዴት እንደሚያመለክትና በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን አስሉ። ዳገት ላይ ከሆናችሁ በአግድም ክፍል ፋንታ በዳገቱ ገጽ ላይ የሚያርፈውን ክፍል ውሰዱ። ከዚያ የሕዋሱን ስፋት በቀለም ሳሉት። ማዕዘኑ ከ30 ዲግሪ በታች የሆነበትን ቀይ አድርጉ። አንደኛው ድሮን የማያየውን ነጥብ ጥቁር አድርጉ፤ በባይስታቲክ ምስል አንድ ቦታ እንዲታይ ለሁለቱም መታየት አለበትና ጥላው ከተለመደው ራዳር ይበዛል። የምትፈልጉት ቦታ ቀይና ጥቁር ውስጥ ከወደቀ መስመሩን ቀይሩ። ይህን ሥራ ደጋግሞ መሥራት ምንም ወጪ የለውም።

ለቆጋ የምመክረው አቀማመጥ ይህ ነው፦ ሁለቱም ከመስኩ በአንድ ወገን፣ በትይዩ መስመር፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ፍጥነት ይብረሩ። ሲጠናቀቅ ማዕዘኑን በ20 በ20 ዲግሪ እያሰፋችሁ ድገሙት።

ቁጥሮቹን ቁረጡ

ለምሳሌ 5.4 ጊጋኸርዝ ልውሰድ፤ የሞገዱ ርዝመት 5.55 ሴንቲ ሜትር ነው። በሶፍትዌር የሚታዘዙ ብዙ የሬዲዮ ሰሌዳዎች እስከ 6 ጊጋኸርዝና እስከ 50 ሜጋኸርዝ ገደማ ባንድዊድዝ ስለሚሠሩ ለተማሪ የሚቀርብ ምርጫ ነው። ድሮኖቹ በሰከንድ 10 ሜትር ይበራሉ፤ ሁለቱም ከመስኩ 1 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፤ ከመሬት 500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የተፈቀደላችሁ ከፍታ ከዚህ ካነሰ ማዕዘኑን ጠብቃችሁ ቅረቡ።

በበረራው አቅጣጫ የመለየት አቅም የሚወሰነው ድሮኖቹ በመስኩ ዙሪያ በሚዞሩበት የማዕዘን ፍጥነት ነው። 10 ሜትር በሰከንድ ለ1,000 ሜትር ሲካፈል 0.01 ራዲያን ነው፤ ለሁለቱ 0.02 ይሆናል። 3 ሜትር ለመለየት የሞገዱን ርዝመት ለ3 እና ለ0.02 ብናካፍል 0.93 ሰከንድ ይበቃናል። አንደኛው ድሮን ባለበት ቢቆም ጊዜው እጥፍ ይሆናል፤ ምስሉ ግን ይወጣል።

ዶፕለሩ ከሁሉም አቅጣጫ ቢመጣ እንኳ ከ-360 እስከ +360 ኸርዝ ካለው ክልል አይወጣም፤ ሙሉ ስፋቱ 720 ኸርዝ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 1,000 ምት መላክ ከበቂ በላይ ነው። እያንዳንዱ ምት 20 ማይክሮ ሰከንድ ይቆይ፤ ድግግሞሹ በዚያ ጊዜ ውስጥ 50 ሜጋኸርዙን ይጥረግ። ከፍተኛው ኃይል 5 ዋት ቢሆን አማካዩ 100 ሚሊ ዋት ብቻ ነው። ይህ ኃይል፣ 15 ዴሲቤል የሚያጎሉ ሁለት አንቴናዎችና የአንድ ሰከንድ ድምር የእርሻ መሬትን ከጫጫታው 30 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አንድ ሺህ ጊዜ፣ አጉልተው ያወጡታል።

የሚመጣው ጉልበት በሁለቱ ርቀቶች ብዜት ላይ የተመሠረተ መሆኑን አትርሱ። አስተላላፊው 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀባዩ 350 ሜትር ቢቀርብ፣ ሁለቱም 1 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው ከሚያገኙት ጋር የተቀራረበ ጉልበት ይገኛል። ሸለቆ ውስጥ ለመሥራት ተስፋ የሚሰጠኝ ይህ ስሌት ነው። የሚከፈልበት ዋጋ ቅርብ ያለው አንቴና የሚሸፍነው ቦታ መጥበቡ ነው።

የመረጃውን መጠንም አስሉ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ 40 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ብትቀዱ፣ በሰከንድ 60 ሚሊዮን ናሙና ሲወሰድ ለአንድ የመቀበያ መስመር (ለአንድ አንቴና) 10 ሜጋባይት በሰከንድ አይሞላም። ወደፊት እንደምናየው ተቀባዩ ሁለት አንቴና ስለሚኖረው፣ ሁለት መስመር ለ5 ደቂቃ ወደ 6 ጊጋባይት ነው፤ ማንኛውም ጥሩ ሚሞሪ ካርድ ይችለዋል። ያለ ልዩነት ሁሉን ብትቀዱ ግን በሰከንድ 480 ሜጋባይት ይሆናል፤ ትንንሽ ኮምፒውተሮች እዚያ ላይ ይንበረከካሉ።

ሰዓቱን ግሩ

በተለመደው ራዳር የሚላከውም የሚቀበለውም በአንድ ኦሲሌተር (የሞገዱን ድግግሞሽ በሚወልደው የውስጥ ሰዓት) ነው። ከ1 ኪሎ ሜትር የሚመለስ ሞገድ በ6.7 ማይክሮ ሰከንድ ስለሚደርስ ኦሲሌተሩ በዚያች ቅጽበት የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። በእኛ ሥራ ግን ሁለት ኦሲሌተሮች አሉ፤ ሁለት ኦሲሌተሮች ደግሞ ፈጽሞ አንድ አይሆኑም።

ተራው የሬዲዮ ሰሌዳ ይዞት የሚመጣው ኦሲሌተር ከሚሊዮን አንድ ያህል ሊስት ይችላል። ትንሽ ይመስላል። በ5.4 ጊጋኸርዝ ግን 5,400 ኸርዝ ነው፤ ሙሉው ዶፕለራችን ከ720 ኸርዝ እንደማይበልጥ አይተናል። በጊዜ በኩል ደግሞ በየሰከንዱ 1 ማይክሮ ሰከንድ ይንሸራተታል፤ ይህም የ300 ሜትር ርቀት ነው። በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ሙቀቱ ሳይለዋወጥ የሚጠበቀው የተሻለው ኦሲሌተር ከመቶ ሚሊዮን አንድ ቢስት 54 ኸርዝ ይሆናል፤ በምሳሌያችን ይህ ምስሉን በበረራው አቅጣጫ 150 ሜትር ያህል ያንሸራትተዋል። ሳይለዋወጥ የሚንሸራተት ስሕተት ምስሉን ከቦታው ያነሳዋል እንጂ አያደበዝዘውም። የሚያደበዝዘው በመሐል የሚለዋወጠው ነው፤ ለአንድ ሰከንድ ድምር የሁለቱ ልዩነት በሰከንድ ከ1 ኸርዝ በላይ መለወጥ የለበትም።

ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አድርጉ። በሁለቱም ድሮኖች ላይ በጂፒኤስ የሚታረም፣ ሙቀቱ የተጠበቀ ኦሲሌተር ይኑር። በየሰከንዱ ከጂፒኤስ የሚመጣው ምት መቅዳት የሚጀመርበትን ቅጽበት ይወስን፤ 40 ማይክሮ ሰከንዷ መስኮት የምትሠራው ያኔ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው፦ ተቀባዩ ሁለት አንቴና ይኑረው። አንዱ ወደ መስኩ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ አስተላላፊው ድሮን ይመልከት።

ይህ ሁለተኛ አንቴና የሥራው ምሰሶ ነው። በቀጥታ የሚመጣው ምት የተጓዘው ርቀት ከጂፒኤስ ይታወቃል። ስለዚህ በደረሰበት ጊዜና በፌዙ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ በሚገኝበት ደረጃ) ላይ የሚታየው ትርፍ ልዩነት የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት ነው። ያንን ልዩነት ከእያንዳንዱ ምት ላይ ትቀንሳላችሁ፤ ሰዓቱ በየሚሊ ሰከንዱ ታረመ ማለት ነው። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ኦሲሌተር መቀዳታቸውን አረጋግጡ፤ ያለዚያ ሦስተኛ ሰዓት ጨምራችኋል። ድሮኖቹ እርስ በርስ መተያየታቸውን ደግሞ በከፍታ ካርታው ላይ አስቀድማችሁ ፈትሹ። ቆጋ ላይ ችግር የለውም፤ ዓባይ በረሃ ላይ ግን ተቀባዩ ከገደል አፋፍ በታች ዝቅ ሲል ቀጥታው መስመር ይቋረጣል።

ቀጥታው ምት ወደ መስኩ በሚያየው አንቴና ውስጥም ሾልኮ መግባቱ አይቀርም፤ ከማንኛውም የመሬት ምላሽ ይበረታል። የአንቴናውን ጀርባ ወደ አስተላላፊው አዙሩ፣ መቀበያው እንዳይታፈን ማጉያውን ዝቅ አድርጉ፤ የቀረውን በስሌት ትቀንሱታላችሁ።

ፈቃድ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ ሊታለፍ ግን አይችልም። ድሮን ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን፣ ለአየር ክልሉ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን፣ ለሬዲዮ ሞገዱ የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። የዞኑና የወረዳው አስተዳደር በጽሑፍ ይወቀው። ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ በኮምፒውተር ሥሩ፤ እስካሁን የዘረዘርሁት ሁሉ ያለ በረራ የሚሠራ ነው።

ወረቀቱ ብቻም አይበቃም። ሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ነገር ገበሬውን ያስደነግጣል፤ ድንጋጤው ምክንያት አለው። ከቀናት በፊት በቀበሌው በኩል ሽማግሌዎችን አግኙ፣ መሣሪያውን አሳዩ፣ የሚበርበትን ቀንና ሰዓት ንገሩ። ቅር የሚላቸው ከሆነ ቦታ ቀይሩ።

መሬት ላይ ፈትኑ

አስተላላፊውንና ተቀባዩን በኬብልና ኃይል በሚቀንስ መሣሪያ አገናኙ። ምቱ ጥርት ብሎ ከታየ፣ የሁለቱን ሰዓት ልዩነት ለግማሽ ሰዓት ቅዱ። ኦሲሌተሮቹ ሲሞቁ መስመሩ እንዴት እንደሚረጋ ታያላችሁ፤ ከመብረራችሁ በፊት ስንት ደቂቃ እንደምታበሩት የሚነግራችሁ ያ ስዕል ነው። ጠዋት ጮቄ አካባቢ ብርዱ ስለሚበረታ ጊዜውን አስረዝሙት።

ቀጥሎ ሁለቱን በሦስት እግር ቆሞ ላይ ሜዳ አውጧቸው። ከብረታ ብረት ቤት ጠፍጣፋ ላሜራ አስቆርጡና ግማሽ ሜትር ጎን ያለው ባለ ሦስት ገጽ ማዕዘን አስበየዱ። ገጾቹ በትክክል 90 ዲግሪ መሆናቸውን በጉንያ አረጋግጡ፤ ጥቂት ዲግሪ ብትዛነፍ ምላሹ ይደክማል። በ5.4 ጊጋኸርዝ ይህ ማዕዘን 85 ካሬ ሜትር ያህል ጉልህ ሆኖ ይታያል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ይህ ቅርጽ ሞገዱን ወደ መጣበት ነው የሚመልሰው። ድሮኖቹ ተቀራርበው ሲበሩ ይሠራል፤ ማዕዘናቸው ሲሰፋ ይጠፋባችኋል። ለሰፊው ማዕዘን ምቱን ተቀብሎ አጉልቶ በሰፊ አንቴና የሚለቅ አነስተኛ መሣሪያ መስኩ ላይ አስቀምጡ።

ብረሩ

ቆጋ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል ከአምስት አራት እጅ ገደማ ነው፤ ወደ 4,000 ሜትር ስትወጡ ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይቀራል። አምራቹ የጻፈውን የበረራ ደቂቃና የጭነት ክብደት እንዳለ አትመኑ፤ ጭነቱን በሙሉ አሸክማችሁ ዝቅ ብላችሁ ሞክሩ።

ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ብረሩ። ለእያንዳንዱ ድሮን የራሱ አብራሪ ይኑር፤ ሦስተኛ ሰው ርቀታቸውን ብቻ ይከታተል። መስመሩን በራስ አብራሪ አስሙሉት፤ በእጅ እየተመራ ቀጥ ብሎ መብረር አይቻልም። ሁለቱ በአንድ የጂፒኤስ ሰዓት ይነሡ፤ መስመሩ ከመድረሳቸው በፊት 100 ሜትር ያህል ቀጥ ብለው ይግቡ።

የእንቅስቃሴው መዝገብ እንደ ራዳሩ መረጃ ውድ ነው። የርቀት ድምሩ ከሞገዱ አንድ ስምንተኛ በላይ መሳት የለበትም፤ ለእኛ ይህ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ከበረራ በኋላ ከመሬት ጣቢያ ጋር ተሰልቶ የሚታረም ጂፒኤስ ወደ ሴንቲ ሜትር ያደርሳችኋል፤ በመካከል ያለውን የእንቅስቃሴ መለኪያው ይሞላዋል። ከጂፒኤስ አንቴናው እስከ ራዳር አንቴናው ያለውን ርቀት በሦስቱም አቅጣጫ በሜትር መለኪያ ለክታችሁ ጻፉ። ድሮኑ ሲያዘነብል ይህ ርቀት አብሮ ይዞራል። 7 ሚሊ ሜትር የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ወደ 1.3 ጊጋኸርዝ ውረዱ፤ እዚያ ገደቡ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ አንቴናው ግን ይተልቃል።

ከጥሬ መረጃ ወደ ምስል

መጀመሪያ ወደ መስኩ የሚያየው አንቴና የቀዳውን፣ ወደ አስተላላፊው የሚያየው አንቴና በቀዳው ቀጥታ ምት አዛምዱት። ይህ ረጅሙን ምት ወደ ስል ነጥብ ይሰበስበዋል፤ የሰዓቱንም ልዩነት አብሮ ያወጣዋል። ከዚህ በኋላ የምታዩት ርቀት ድምሩ ከቀጥታው ርቀት የሚበልጥበት መጠን ስለሆነ፣ ከጂፒኤስ ያገኛችሁትን የሁለቱን ድሮኖች ርቀት መልሳችሁ ጨምሩ። ሾልኮ የገባው ቀጥታ ምት ዜሮ ርቀት ላይ እንደ ምሰሶ ይቆማል፤ እዚህ ላይ ቀንሱት።

ከዚያ ምስሉን በወደ ኋላ ድምር አውጡ። ፈጣን የሚባሉ ሌሎች ዘዴዎች አሉ፤ ለማንኛውም መስመርና ለማንኛውም መሬት የሚሠራው ግን ይህ ነው፤ ለጀማሪም የሚገባ ነው። መስኩን በ1 ሜትር ነጥቦች ከፋፍሉ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከካርታው ከፍታውን ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ምት የአስተላላፊውንና የተቀባዩን ርቀት ደምሩ፤ በዚያ ድምር ላይ ያለውን ዋጋ ከመረጃው አንብቡ፤ ፌዙን በድምሩ ልክ መልሱና ጨምሩት። ምቶቹ ሁሉ ሲያልቁ በነጥቡ ላይ የቀረው መጠን ብሩህነቱ ነው። 600 ሜትር በ600 ሜትር መስክ 360,000 ነጥብ አለው፤ በ1,000 ምት ሲባዛ 360 ሚሊዮን ስሌት ነው፤ ተራ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ምስሉ ትንሽ ከደበዘዘ ደማቅ ነጥብ ምረጡ፤ የአንድ ጣሪያ ጥግ ይበቃል። ፌዙ ከምት ምት እንዴት እንደሚጎብጥ አይታችሁ ያንን ጉብጠት ከሁሉም ላይ ቀንሱ። ነጥቡ ሲጠራ አካባቢውም አብሮ ይጠራል። ሁሉም ሳይሆን ከፊሉ ብቻ ከጠራ ጥፋቱ ሰዓቱ ላይ ሳይሆን ቦታው ወይም ከፍታው ላይ ነው። የሰዓት ስሕተት ለመስኩ ሁሉ እኩል ነውና።

ፍተሻና ንባብ

የላሜራውን ማዕዘን በምስሉ ላይ ፈልጉት። ብሩህነቱ በግማሽ እስኪቀንስ ያለውን ስፋት በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ፤ በርቀት 3.5፣ በበረራው አቅጣጫ 3 ሜትር ገደማ ከሆነ ሥራው ሠምሯል። ቦታውንም መሬት ላይ በጂፒኤስ ከለካችሁት ጋር አስተያዩ። በበረራው አቅጣጫ ብቻ ከተንሸራተተ የድግግሞሽ ልዩነት ቀርቷል ማለት ነው፤ በርቀት ብቻ ከተንሸራተተ የኬብሎቹን ርዝመት ከተለካው ርቀት ላይ አልቀነሳችሁም።

ምስሉን ስታነቡ የተለመደውን የራዳር ምስል ልማድ ተዉት። የድሮኖቹ ማዕዘን ሲሰፋ የቤት ግድግዳና መሬት እየተጋገዙ የሚሰጡት ድምቀት ይከስማል፤ ለዓመታት ደማቅ ሆነው ያያችኋቸው መንደሮች ይደበዝዛሉ። በአንጻሩ ከሁለቱ ድሮኖች አካፋይ አቅጣጫ ጋር የተገጣጠመ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻውን ሊያበራ ይችላል። የታረሰ ማሳ ትልሙ ወደየት እንደሚሄድ በማዕዘኑ ለውጥ ይታወቃል፤ እርጥብ አፈርም ከደረቁ ይበልጥ ይደምቃል፤ የመስኖው ውኃ የት እንደደረሰ ለማየት ይህ ብቻ ትልቅ ነገር ነው።

ቆጋ ላይ ሦስት የተለያዩ ማዕዘኖችን ያለ ችግር ካወጣችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ሂዱ። በደጀን በኩል ባለው ዳር ሁለቱንም አብርሩ፤ አስተላላፊው ከአፋፉ በላይ፣ ተቀባዩ ከዳገቱ ፊት ዝቅ ብሎ፣ ግን ከአስተላላፊው እይታ ሳይወጣ ይሁን። የ30 ሜትሩ የከፍታ መረጃ ለዚያ ገደል ሻካራ ስለሆነ መጀመሪያ በካሜራ ድሮን የራሳችሁን ከፍታ ካርታ ሥሩ። ከአንድ ክረምት በፊትና በኋላ በዚያው መስመር፣ በዚያው ማዕዘን ብረሩ። ከእያንዳንዱ በረራ ጥሬውን መረጃ፣ ቀጥታውን መስመር፣ የሁለቱን ድሮኖች የእንቅስቃሴ መዝገብና የኬብሎቹን ርዝመት በአንድ ማኅደር አስቀምጡ፤ የተሻለ የከፍታ ካርታ በተገኘ ጊዜ ምስሉን እንደገና ማውጣት የምትችሉት እነዚህ ሲኖሩ ነው።